አባዬ በአየር፣ እውነቱ በባሕር

ለማልጠግብሽ እህቴ፣

እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ ጠዋት ጠዋት የሚይዝሽ የወገብ ነገር እንዴት ነው? ባልሽስ ደህና ነው? «ባልሽ» ብዬ ለመጻፍ እጄ ገና አልለመደም፤ ዛሬ ይህን ስጽፍ እንኳ ገና እጮኛሽ ነው፣ ሠርግሽ አምስት ቀን ይቀረዋል። እኛ በጣም ደህና ነን። «እኛ» የምለው በልማድ ነው እንጂ ቤት ውስጥ ያለሁት ብቻዬን ነኝ፤ አባዬ ትናንት ጠዋት ወደ አንቺ በሯል።

ግራ አይግባሽ። ይህ ደብዳቤ እጅሽ የሚገባው ሠርጉ ካለፈ፣ ቀሚስሽ ታጥቦ ከተሰቀለ፣ አባዬም አንቺ ጋ አንድ ወር ከርሞ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። አባዬ በሠራልሽ ትልቁ ሳጥን ውስጥ፣ ከእማዬ ብርጭቆዎች በላይ፣ ክዳኑ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ሳጥኑ በመርከብ ስለሚመጣ አርባ አንድ ቀን ይፈጅበታል። ሥራዬ ጭነት ማስተላለፍ ሆኖ፣ ወረቀት በአየር በሦስት ቀን እንደሚደርስ እያወቅሁ፣ ሆን ብዬ ነው ባሕሩን የመረጥኩት። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ አትቸኩዪ፣ ደብዳቤውም አልቸኮለም።

መጀመሪያ የሦስት ዓመቱን ነገር ላንሳ። ስትመረቂ ለአባዬ የአውሮፕላን ትኬት ላክሽ፤ አባዬ ሳይመጣ ቀረ። እኔ ነኝ ደውዬ «ጉልበቱን አሞት ነው» ያልኩሽ። አላመንሽኝም። ርቀሽ በመሄድሽ የተቀየመሽ መሰለሽ፤ ሆድ ባሰሽ። ከዚያ ወዲህ የሁለታችሁ የስልክ ወሬ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» «በል ደህና ሁን» ብቻ ሆኖ ቀረ። እናታችን ካረፈች ጀምሮ በአንድ እጁ መዶሻ፣ በአንድ እጁ ማበጠሪያ ይዞ ያሳደገሽን ሰው እንደ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ስታናግሪው እየሰማሁ አንጀቴ ያርር ነበር።

ሠርግሽን ልትነግሪኝ የደወልሽ ዕለት ደግሞ «እኔ አልለምነውም። ቢመጣ ይምጣ፤ ካልመጣ ግን ሁለተኛ አባት አለኝ ብዬ አፌን አልከፍትም» አልሽ። አይፈረድብሽም። የማታውቂው ነገር ቢኖር ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ነበር። አባዬ እዚያው ክፍል ውስጥ የወንበር እግር እያጣበቀ ነበር። ሙጫው ብሩሹ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ቆሞ ቀረ። እኔም ስልኩን ዘግቼ ልብስ ላጣጥፍ ገባሁ።

በማግስቱ ቢሮ ሆነ እንግዲህ ጉዱ።

ቢሮአችንን ታውቂዋለሽ፤ ሦስት ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ ሚዛን፣ ግድግዳውን የሞላ የዓለም ካርታ፣ በር አጠገብ ተራ ቁጥር የሚተፋ ማሽን። አለቃችን ያው ነው፤ ቁመቱና ወርዱ ስለሚቀራረብ «ሜትር ኩብ» የምንለው። እኔ መስኮት ሁለት ላይ ተቀምጬ ሰው ዕቃውን ሲነግረኝ በአየር ይህን ያህል ቀን፣ በባሕር ይህን ያህል ቀን ብዬ አወዳድሬ ፕሮፎርማ እሰጣለሁ። አባዬ ወደዚያ ግቢ ሠላሳ ዓመት ሲመላለስ የሚያውቀው የኋላውን የመጋዘን በር ብቻ ነው። መዶሻውን ይዞ ይገባል፣ የጭነት ሳጥኑን ይመታል፣ ይወጣል። ጫኚዎቹ «ጋሽ ሳጥን» ይሉታል።

ያን ዕለት «ቁጥር አሥራ አራት!» ብዬ ስጣራ ከደንበኞቹ መሃል የተነሳው እሱ ነው። ሙሉ ልብሱን ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል፣ ቁጥሯን በሁለት ጣቱ ይዟታል። ምንጣፍ በምትልክ ሴትና የመኪና ዕቃ በሚልክ ሰው መካከል ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ነበር ለካ። መስኮቴ ጋ ደረሰና እንደማያውቀኝ ሰው «ፕሮፎርማ ፈልጌ ነበር፤ በአየርም በባሕርም» አለኝ። ዕቃው ምንድን ነው ስለው «አንድ ፍሬ ነው። ስድሳ ስምንት ኪሎ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት» አለ። ምን ዓይነት ዕቃ ነው ብዬ ደግሜ ጠየቅኩት። «አሮጌ ዕቃ ነው። ይሰበራል። ባይገለበጥ ይመረጣል» አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ቀና ስል ግን እሱ አልሳቀም። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ብዕሬን አንስቼ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ቅጹን ሞላሁለት። መርከቡ በየሳምንቱ ማክሰኞ እንደሚነሳ፣ መንገድ ላይ ዕቃው አንድ ወደብ ላይ ወርዶ ሌላ መርከብ እንደሚጠብቅ፣ ጠቅላላው አርባ አንድ ቀን እንደሆነ ነገርኩት። በጣቱ ቆጠረ። ሠርግሽ ሃያ አራት ቀን ይቀረው ነበር። «ታዲያ አሥራ ሰባት ቀን ዘግይቼ እደርሳለሁ ማለት ነው» አለ። የጭነት መርከብ ሰው አይጭንም አባዬ ስለው ኮስተር ብሎ «ሰው ነው ማን አለሽ?» አለኝ። በአየርስ አለ። አሥራ አንድ ሰዓት አልኩት። አሥራ አንድ ቀን ያልኩት መስሎት መጀመሪያ ደስ አለው፤ ሰዓት መሆኑን ሲረዳ ፊቱ ወደቀ።

«መሃል ላይ ያለ ነገር የለም?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። መቼም የሥራ ነገር ሆኖ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ አለ። ግማሹን መንገድ በመርከብ፣ ግማሹን በአውሮፕላን የሚሄድ ጭነት አለ፤ ከባሕሩ ይፈጥናል፣ ከአየሩ ይረክሳል። ዓይኑ በራ። መጨረሻው ያው መብረር ነው እንጂ ስለው «አየሩ ግማሽ ከሆነ ፍርሃቱም ግማሽ ይሆናል ብዬ ነው» አለና ቶሎ ብሎ አፉን ያዘ።

አየሽ፣ ያኔ ነው ያቺ ቃል ያመለጠችው። ፍርሃት።

በዚህ መሃል ሜትር ኩብ በኋላዬ ሲያልፍ አየውና «ጋሽ ሳጥን! ዛሬ ደግሞ ምን ሊልኩ ነው?» አለው። አባዬ «ራሴን» ብሎ መለሰለት። ሰውዬው እየሳቀ ሄደ። እኔ «ተዘግቷል» የሚለውን ሰሌዳ መስኮቴ ላይ ገለበጥኩና አባዬን ይዤ ወጣሁ፤ ከመጋዘኑ በስተኋላ ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጥን። አሥራ አራት ቁጥርን አሁንም አልለቀቃትም።

እስኪ ንገረኝ አልኩት። መጀመሪያ «በዚህ ሁሉ ዓመት በባሕር ምን ጠፋብሽ፣ በአየርስ?» ሲል ጠየቀኝ። በባሕር ሦስት ኮንቴነር ውኃ ገብቶት ዕቃው ሻግቷል፤ በአየር አንድ ካርቶን ጫማ ወደማይሆን ከተማ ሄዶ በሳምንቱ ተመልሷል፣ ሌላ የለም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገሩን አወጣው። እህቴ፣ ሺህ ሰው ቢሰበሰብ ይህን ምክንያት የሚያስብ አንድ ሰው አይገኝም፤ ሳጥን ሲሠራ የኖረ ሰው ካልሆነ በቀር።

በባሕር ለሚሄድ ዕቃ የሚከፈለው በአብዛኛው በሚይዘው ቦታ ነው፤ ስለዚህ ደንበኛው «ጋሼ፣ ወፍራም ጣውላ ያድርጉልኝ፣ ይደራረብበታል» ይላል። በአየር ግን እያንዳንዷ ኪሎ ትቆጠራለች፤ ስለዚህ በአየር የሚልክ ሰው ሁሉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለአባዬ ያለው አንድ ቃል ነው፤ «ያሳሱት። ትንሽ ያሳሱት። አሁንም ያሳሱት።» አባዬም እየተናደደ በመላጊያው ሲያሳሳ ኖረ። እና እንዲህ ብሎ አሰበ፤ አንዲት ሳጥን ለማብረር ይህን ያህል የሚያሳሱ ሰዎች፣ አውሮፕላኑንማ ምን ያህል አሳስተውት ይሆን?

«በሳሳ ነገር ተሸፍኜ ከደመና በላይ ልወጣ አልችልም» አለኝ።  መጀመሪያ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ሳቄን ሳልጨርስ አለቀስኩ፤ እሱም እያየኝ ሳቀ። ደንበኞች ይጠብቁሻል ብሎ ገፍቶ አስነሳኝ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላስተዋውቅሽ ግድ ይለኛል። አውሮፕላን ማረፊያው የጥገና ክፍል ውስጥ የሚሠራ ቴክኒሻን ነው። መለዋወጫ በእኛ ቢሮ በኩል ሲመጣላቸው እሱ ነው የሚረከበው። እያንዳንዱን ወረቀት ሦስቴ አንብቦ ስሙን አሳምሮ ስለሚፈርም «ፈራሚው» ብለነዋል። ደርባባ ነው፣ ወሬ አያበዛም፣ ሳቁ ግን ጥሩ ነው። ለማንኛውም፣ ያን ዕለት ከሰዓት ሲመጣ የአባዬን ነገር አጫወትኩት። አልሳቀም። «ይምጡና ይዩታ» አለ። በሳምንቱ ፈቃድ አስወጣልን።

የጥገናው አዳራሽ ውስጥ አውሮፕላኑ ሆዱ ተከፍቶ ቆሟል። አባዬ ጠጋ አለና እንደ ጣውላ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገው፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። «ውፍረቱ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ፈራሚው መዋሸት አይሆንለትም፤ «አንዳንድ ቦታ ላይ ሁለት ሚሊ ቢሆን ነው አባባ» አለው። የአባዬ ፊት አመድ መሰለ። እኔ በልቤ «በቃ፣ አለቀልን» አልኩ። ይህን ሰውዬ አስተዋይ ነው ያልኩበትን ቀን ረገምኩ።

ፈራሚው ግን የአባዬን ክንድ ደገፍ አድርጎ ወደ ውስጥ አስገባው። ለጥገና ብለው የውስጥ ግድግዳውን አንስተውት ነበር። ከዚያ ሳሳ ካለው ቆርቆሮ በስተጀርባ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ቁመቱንም አግድሙንም የብረት አጥንት ተደርድሮበታል፤ በየክንዱ አንድ። አባዬ እጁን ዘረጋ። አንዱን በስንዝር ለካ። ሁለተኛውን ለካ። ድንገት ዞሮ «ማገር አለው!» ብሎ ጮኸብኝ። «ይሄማ የኔ ሳጥን ነው!»

ለካ እሱም ደንበኞቹ አሳሳ ባሉት ቁጥር ጣውላውን አሳስቶ፣ ማንም ሳያየው ከውስጥ በኩል ማገር ሲጨምርበት ኖሯል። እንዲያ አድርጎ በአየር ከላካቸው ሳጥኖች አንዲት ተሰብራ አታውቅም። «ይህን የሠራው ሰው አናጢ ነው፤ ብረት ይሥራ እንጂ አናጢ ነው» እያለ ከአንዱ ማገር ወደ ሌላው ሄደ። በኋላ ፈራሚውን «ብሎኑ መጥበቁን ማን ነው የሚያረጋግጠው?» አለው። «ይህኛውን እኔ ነኝ፤ ስሜን ፈርሜበታለሁ» አለው። አባዬ ከእግር እስከ ራሱ አየውና «እንግዲያው ለልጄ ሠርግ ካልደረስኩ አንተን ነው የምጠይቅህ» አለ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «ይህ ልጅ ዕቃ ሊረከብ በሳምንት ስንቴ ይመጣል?» ሲል ጠየቀኝ። ሦስት አራቴ አልኩት። «መለዋወጫውስ በወር ስንቴ ይመጣል?» አለ። አንዴ አልኩት። «እህ» አለና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። እኔም ወደ ሌላኛው መስኮት አየሁ።

ከአውቶቡስ ወርደን ቤት ልንደርስ ስንል ነው ያልጠበቅሁትን የነገረኝ። ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ያኔ፣ የምረቃሽ ጊዜ፣ ትኬቱን መሳቢያ ውስጥ ጥሎት አልቀረም። ሄዷል። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ሻንጣውን ይዞ፣ ብቻውን አውሮፕላን ማረፊያ ሄዷል። ፍተሻውን አልፏል። ከበሩ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ሁሉ ሲገባ አይቷል። በድምፅ ማጉያ ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠራ፤ የራሱም የአያቴም ስም። «ስሜን ሰማሁት፤ እግሬ ግን አልሰማም» አለኝ። ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ሲዘጋ አየ። ከዚያ ተነስቶ ቤት መጥቶ ሻንጣውን ፈትቶ፣ ልብሱን ሰቅሎ፣ ለእኔ ጉልበቴን አመመኝ አለኝ። ሦስት ዓመት ከንፈሩን ነክሶ ተቀመጠ። ፈሪ ከምትዪው ክፉ ብትዪው የሚሻል መስሎት ነው እህቴ። ወንድ ልጅ ሲባል እንግዲህ ይህን ያህል ሞኝ ነው።

ለምን አልነገርከኝም አልኩት። «ልጅን ሰው አገር የላከ አባት ይፈራል እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ብታይልኝ! አባዬ እንደ ጎረምሳ እየዘፈነ ሳጥንሽን መታ። ሳጥኗ በባሕር ትሂድ አለ፣ ወፍራም ጣውላ አላት፣ ጊዜም አላት፤ እኔ ጊዜ የለኝም፣ በአየር ልሂድ አለ። የእማዬን ስድስት ብርጭቆዎች በመላጊያ ፍቅፋቂ ውስጥ እንደ እንቁላል አስተኛቸው። ሳስቸግረው ከውስጥ የጨመረባትን ማገር አሳየኝ፤ ለባሕር ሳጥን አያስፈልግም ስለው «ይሁን፣ ለጌጥ» አለ። ክዳኑን ግን ሳይዘጋ ተወልኝ፤ የምትጨምሪላት ነገር አይጠፋም አለኝ። ይህን ደብዳቤ አስቦ እንዳልሆነ አምናለሁ።

ምክንያቱም አስምሎኛል። «እስክመለስ ድረስ ትንፍሽ እንዳትዪ። አንድ ወር ብቻ ልጄ ፊት ጀግና ልሁን። ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ» አለኝ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ እሺ አልኩ። እሱ የሚቆየው ሠላሳ ቀን፣ መርከቡ የሚፈጅበት አርባ አንድ ቀን። አሥራ አንድ ዓመት አየርና ባሕር ሳወዳድር ኖሬ የባሕርን መዘግየት እንዲህ የወደድኩበት ጊዜ የለም። ቃሌን አላጠፍኩም፤ አንቺም እውነቱን ሳታውቂ አልቀረሽም።

ትናንት ጠዋት ሸኘነው። («ሸኘነው» ያልኩት ፈራሚው መኪና ስለነበረው ነው።) መንገድ ላይ እጁን ስይዘው በረዶ ነው። ፍተሻው ላይ ሴትዮዋ ከኮቱ ኪስ ካቻቢቴ አወጣችበት። ምንድን ነው ስትለው «ለማንኛውም ብዬ ነው» አላት። ቀማችው። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ በሳቅ ስፈርስ እሱ አንዴ ዞሮ አየኝ፤ ፊቱ ወረቀት መስሏል፤ ግን እጁን ከፍ አድርጎ አውለበለበና ገባ።

ይህን እየጻፍኩ እዚህ ላይ ስደርስ ስልኩ ጮኸ። አንቺ ነሽ።

ምን እንደተባባልን ታስታውሺው ይሆናል፤ እኔ ግን ሳይረሳኝ ልጻፈው። ማልቀስሽን ሰማሁ፤ ከዚያ ሳቅሽን፤ ሦስት ዓመት ያልሰማሁትን ያንን ጠረጴዛ የሚያናውጥ ሳቅሽን። አባዬ ዝርግ ሳህን ሁለቴ እንዳስሞላ፣ የባልሽን ወንበር ገልብጦ እንደመረመረው፣ ለቤተ ዘመዱ ሁሉ «አውሮፕላን ማለት ሳሎን ቤት ቁጭ እንደማለት ነው፤ እኔማ እንቅልፌን ተኛሁ» እያለ እንደሚያወራ ነገርሽኝ። ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «አባዬ ግን አልፈራም እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ሳላመነታ «አባዬ? ምን ሲል!» አልኩሽ።

መኪናው ሳጥኑን ሊወስድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። ክዳኑን የሚያጠብቅልኝ ሰው ካቻቢቴ ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ ዛሬ ምንም መለዋወጫ አልመጣም፣ እንዲሁ ሲያልፍ ነው። ከእኔ በኩል ሌላ አዲስ ወሬ የለም።

እግዚአብሔር ትዳርሽን የሳቅ ቤት ያድርገው። የወለድሽው ይባረክልሽ፣ የያዝሽው ይርባልሽ፣ ደጅሽን የረገጠ ሁሉ ጠግቦ ይውጣ። ባልሽን በእኔ ስም ሳሚው። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ቅድም በስልክ ስለ አባዬ የመለስኩልሽ ውሸት ነበር። ፈርቷል። ከቤት እስከ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከዚያም እስከ አንቺ ደጅ ድረስ ልቡ እየራደ ነው የተጓዘው። እንደዚያ ፈርቶ ነው የመጣልሽ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ